የሐረር ስም ያለበት፣ ሐረር የሌለችበት ዘፈን

የእንግሊዝኛ ዘፈን ወደ አገራችን የገባው በሁለት በር ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው የጭፈራው በር ነው፤ በዚያ የገባውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው የትካዜው በር ነው። የቃላቱን ትርጉም በቅጡ ሳያውቅ ከኬኒ ሮጀርስና ከትሬሲ ቻፕማን ጋር አብሮ የተከዘ የካሴት ዘመን ወጣት ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ካሴቱ በስልክ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በሐረር ሸዋ በር ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው ልጅ ሁሉ የሠርግ ዘፈን እያዳመጠ አይደለም።

ትካዜ ስንል ግን ብዙ ዓይነት ነገር በአንድ ጆንያ እየከተትን ነው። የሄደች ፍቅረኛን ማስታወስ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ትዝታን የሚያህል ቅኝት አለን፣ ከማንም አንበደርም። የሞተን ማልቀስም ሌላ ነው፤ ለዚያም ሙሾ አለን። ከእንግሊዝኛው ጋር የመጣው እንግዳ ነገር ከሁለቱም ይለያል። እርሱም ሰው ከሳሽም ተከሳሽም ራሱ ሆኖ የሚዘፍነው ዘፈን ነው። ዘፋኙ ሱሱን፣ ፍርሃቱን፣ ራሱን መጥላቱን፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውን ነገር ሳይሸፋፍን ያወጣዋል። እኛ «ገበና» ብለን በር ዘግተን የምንይዘውን እርሱ በሸክላ አሳትሞ ይሸጠዋል።

ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ? «ወጣቱን የሚያጠወልግ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። «እውነቱን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ክርክሩን በጥቅሉ ካነሣነው ማለቂያ የለውም። ስለዚህ እኔ በአንድ ጉዳይ ላይ ላሳርፈው እወዳለሁ። ከነዚህ ጨለማ ዘፈኖች መካከል በቀጥታ እኛን የሚመለከቱ፣ ስማቸውን ከኢትዮጵያ፣ ጥላቸውን ከሐረር የተዋሱ አሉና። ሐረር ሆኖ እነርሱን ማዳመጥ ደግሞ ሌላ ቦታ ሆኖ ከማዳመጥ የተለየ ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሐረሮች «ራምቦ» ከሚሉት ሰው ነው። ስሙን ሲሰማ በፊልም ላይ መትረየስ ታጥቆ የሚሮጠውን ጡንቸኛ አሜሪካዊ የሚያስብ አንባቢ አይፈር፤ ዝምድና አላቸው። ያንን ገጸ ባሕርይ በ1972 በልብ ወለድ የፈጠረው ዴቪድ ሞሬል ስሙን ከአንድ የፖም ዓይነትና ከዚሁ ፈረንሳዊ ገጣሚ እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል።

ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው የጻፋቸው ግጥሞች ያገሩን ሥነ ግጥም ከመሠረቱ አናወጡት። በ1873፣ ዕድሜው 19 ገደማ ሲሆን፣ «በገሃነም አንድ ወቅት» የተሰኘች ትንሽ መጽሐፍ ብራስልስ ውስጥ አሳተመ። እዚያ ላይ የገዛ ነፍሱን ዕርቃኗን አውጥቶ ሲገርፋት ይታያል። ከዚያም ሃያዎቹን ብዙም ሳይገፋ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወው። ተንከራትቶ ተንከራትቶ ኤደን ደረሰ፤ በአንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ተቀጠረና በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። እየሄደ እየተመለሰ ሦስት ጊዜ ኖረባት፤ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ፣ ከራስ መኰንን ጋር ተዋወቀ። ግጥም ግን ከሐረር አልወጣም።

ጉዱን ያመጣው ይኸው ዝምታ ነው። ነፍሱን ገልጦ ካሳየ በኋላ በሩን ዘግቶ የጠፋ ሰው ሁልጊዜ ያጓጓል። የጠፋበትም ቦታ ሐረር ይባላል። በመሆኑም ለምዕራቡ ዓለም የግጥም አፍቃሪ «ሐረር» የከተማ ስም መሆኑ ቀርቶ የዝምታ ስም ሆነ። አምስት ጥንታውያን በሮች፣ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካነ መቃብሮች ያሏት፣ ሌሊቱን በዚክሪ የምታነጋ ከተማ የዝምታ ምሳሌ ተደርጋ መወሰዷ እዚህ ለሚኖር ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ዛሬ «የራምቦ ቤት» ተብሎ ቱሪስት የሚጎርፍበት ውብ የእንጨት ሕንፃ እንኳ ገጣሚው ካረፈ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው።

የእንግሊዝኛ ዘፋኞች ይህን ሰው እንደ አባት ነው የያዙት። ቦብ ዲለን በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ወጣት ሳለ የራምቦን ጽሑፍ ማንበቡ ምን ያህል እንዳስደነገጠው ጽፏል፤ በ1975 በወጣ አንድ ዘፈኑም ስሙን ያነሣዋል። የ«ዘ ዶርስ» ቡድን ዘፋኝ ጂም ሞሪሰን በ1968 የራምቦን ሥራዎች ወደ እንግሊዝኛ ለመለሱት ለፕሮፌሰር ዋላስ ፋውሊ የምስጋና ደብዳቤ ላከ፤ ፕሮፌሰሩም በ1994 ገጣሚውንና ዘፋኙን የሚያስተያይ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነዚህ ሰዎች በኋላ በእንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ «እኔ» የሚለው ቃል የድሮው ቀላል «እኔ» መሆኑ ቀረ። «ወደድኩሽ፣ ጠላሽኝ» ከሚለው «እኔ» አልፎ ለራሱ እንግዳ የሆነ፣ ውስጡን ሲያይ የሚደነግጥ «እኔ» መጣ።

ከሁሉም ይልቅ ግን ራምቦን እስከ ሐረር ድረስ በሐሳብ የተከተለችው ፓቲ ስሚዝ ናት። «ጀስት ኪድስ» በተሰኘው በ2010 በወጣው መጽሐፏ እንደምትተርከው፣ በ16 ዓመቷ ፊላደልፊያ አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ካለ የመጻሕፍት መደርደሪያ የራምቦን መጽሐፍ አገኘች፤ መግዣ ስላልነበራት ኪሷ ውስጥ ከትታ ሄደች። የፋብሪካ ሠራተኛ ሆና ስትውል ጓደኛዋ እርሱ ነበር። በ1973 ወደ ሐረር መጥታ የጠፉ ጽሑፎቹን የመፈለግ ሐሳብ ነበራት፤ አልሆነላትምና ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሻርልቪል ሄደች። ሐረርን ሳታያት ቀረች። ሳታያት በመቅረቷም ዘፈነችላት።

«ሬዲዮ ኢትዮጵያ» የተሰኘው ሁለተኛ አልበሟ በኦክቶበር 1976 ወጣ። በአልበሙ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ሥራዎች፣ «ሬዲዮ ኢትዮጵያ» እና «አቢሲኒያ»፣ ተያይዘው 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። እንደ ዘፈን የሚያዜሙት ነገር የለም። ጊታሩ ይጮኻል፣ ያቃስታል፤ የዘፋኟ ድምፅ አንዳንዴ ቃል ነው፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ማዕበል በበዛበት ባሕር ላይ የሬዲዮ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። በጊዜው አያሌ ሐያስያን አልወደዱትም። እኔ ግን የሚያስቀው ወይም የሚያስከፋው ጩኸቱ ነው አልልም። ጩኸቱ ሐቀኛ ነው። የሚሞት ሰው ነው የሚጮኸው፤ እግሩን ያጣ፣ ወደ ሐረር መመለስ እየተመኘ ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ የሚቃዥ ሰው። ሕመም በዜማ አይመጣም፤ ፓቲ ስሚዝ ይህን አውቃ ዜማውን አፍርሳዋለች። በዚህ ረገድ ሥራው ደፋር ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። በ«ሬዲዮ ኢትዮጵያ» ውስጥ ኢትዮጵያ የት አለች?

አልበሙ በወጣበት ወቅት እውነተኛው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ምን ያሰማ እንደነበር እናስታውስ። ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ ዓመት አልፏል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታውጇል። ቀይ ሽብር ደጅ ላይ ቆሟል። ሬዲዮ መክፈት ማለት የማን ስም ይጠራ ይሆን ብሎ ትንፋሽ መያዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር አፋፍ ደረሰ፤ ከተማዋ ለወራት የመድፍ ድምፅ እየሰማች አደረች። እንግዲህ ኒውዮርክ ውስጥ ጨለማን ለመግለጽ የኢትዮጵያ ስም በተጠራበት ሰዓት፣ ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ፣ ስምና አድራሻ ያለው ጨለማ ውስጥ እየገባች ነበር። ሁለቱ ጨለማዎች አልተገናኙም።

ለዚህ ዘፋኟን መክሰስ አይገባም። ዘፈን ዜና አይደለም፤ እርሷም ስለ አንድ ሰው ሕመም እንጂ ስለ አገር እዘፍናለሁ አላለችም። ቢሆንም ጉዳዩ ከፖለቲካ ጠልቆ ወደ ሥራው ብልሃት ይሄዳል። የአንድን ሰው ጨለማ ብቻ የሚያሳይ ዘፈን ያንን አንድ ሰው ራሱ በትክክል ያሳየዋል ወይ?

የራምቦን የመጨረሻ ጉዞ እንመልከት። በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ሕመሙ ሲጠናበት ቃሬዛ አሠርቶ፣ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፣ በኤፕሪል ወር ከሐረር ወደ ዘይላ ጠረፍ ወረደ። መንገዱ አሥር ቀን አልፎታል። በየዕለቱ የያዘው አጭር ማስታወሻ ተርፏል። ዝናብ እየወረደበት 16 ሰዓት ያህል ያለ መጠለያ መቆየቱን መዝግቧል። ተሸካሚዎቹ ከአንዱ ማረፊያ ሲደርሱ መሬት ላይ ስለጣሉት ደግሞ አራት ብር ቀጣቸው፤ ማርትሬዛ ብር መሆኑ ነው። የተቀጡትን የአራቱን ሰዎች ስም ጻፈ። ከ16ቱ የአራቱ ስም የተረፈልን ስለተሸከሙ ሳይሆን ስለተቀጡ ነው። ማርሴይ እንደደረሰ በሜይ መጨረሻ እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ጃሚ ለሚባለው የሐረር አገልጋዩ ገንዘብ እንዲላክለት ተናዞ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የ«ሬዲዮ ኢትዮጵያ» ጉድለት የሚታየኝ። ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ይጮኻል፤ ጩኸቱም ይደርሰናል። የተሸካሚዎቹ እርምጃ ግን አይሰማም። ዐሥራ ስድስት ሰው እያለከለከ፣ በዝናብ እየተንሸራተተ፣ ምናልባትም እያንጎራጎረ ያንን ሰው ወደ ባሕር አውርዶታል። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ሞት አልሄደም። ብቸኝነት ተሰምቶት ይሆናል፤ መሰማትና መሆን ግን ሁለት ናቸው። የሚበልጠው አሳዛኝ ነገርም እዚህ አለ። በ16 ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ብቸኛ መሆን ባዶ በረሃ ላይ ብቸኛ ከመሆን ይከፋል። ዘፈኑ ተሸካሚዎቹን በመተዉ ያጣው ሐረርን ብቻ አይደለም፤ የራምቦን የብቸኝነት ልክ ጭምር ነው።

ራምቦ ከሐረር የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ይህን ይረዳዋል። ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ፎቶግራፍ መሣሪያ፣ ይላኩልኝ ስለሚላቸው የዕደ ጥበብ መጻሕፍት፣ ከሁሉም በላይ ስለ መሰልቸት ይጽፋል። በ1883 ለቤተሰቡ በላከው አንድ ደብዳቤ ልጅ ወልዶ፣ በደንብ አስተምሮ፣ ስመ ጥር መሐንዲስ ሆኖ ማየት እንደሚመኝ ይናገራል። እኔ ከገሃነም መጽሐፉ ይልቅ ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። እውነተኛው ጨለማ የጊታር ጩኸት ላይመስል ይችላል። በንግድ ደብዳቤ መሐል፣ ከሒሳቡ ቀጥሎ፣ በዝግታ የተጻፈ የማይሆን ምኞት ሊሆን ይችላል።

እስቲ አሁን መለስ ብለን የኛን ቤት እንይ። ሰውን መተቸት ቀላል ነው። ሐረር ለሐዘን ምን አዘጋጅታለች?

ብዙ። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ ሠርግና ለቅሶን በጋራ የሚሸከሙበት ማኅበር ነው። ሰው የሞተበት ቤት ብቻውን አያድርም። ክርስቲያኑም ዕድር አለው፤ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ አርጎባውም እንደየወጉ ሐዘንተኛውን ከብቦ ይይዛል። ሐሙስ ማታ አው አባድርን በመሳሰሉት የአውሊያ ስፍራዎች ዚክሪ ይደረጋል። ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ይጋጫሉ፣ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። ቡናው፣ ጫቱ፣ ዕጣኑ አብሮ አለ። ያ ድምፅ ውስጥ የገባ ሰው ጭንቀቱን በር ላይ የሚያወልቅ ይመስለዋል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ ለአንባቢ አልታመንኩም። ሰው ሲሞት አፎቻው ይመጣል። ሰው በቁሙ ራሱን ሲጠላ ማን ይመጣል? ልጁ በሱስ ተይዞ ቀኑን ከሌሊት መለየት ሲያቅተው፣ ሴቲቱ ከወለደች በኋላ ምክንያቱን በማታውቀው ሐዘን ስትዋጥ፣ ተመራቂው ሥራ አጥቶ ከቤተሰቡ ፊት ሲሸሽ፣ ለዚያ ከበሮ የሚመታ አለ ወይ? «ገበና ነው» ተብሎ በር ይዘጋል። የሚደግፈው ትከሻ ደጅ ቆሞ እያለ ሸክሙ ቤት ውስጥ ይቀራል። ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ የሚሰካው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛው ዘፈን እኛ ስም ያልሰጠነውን ነገር ስም ሰጥቶ ያገኘዋል። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ» የሚሉት ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል። በሽታው እዚሁ ነበር፤ ከውጭ የመጣው ስሙ ነው።

እንግዲህ ሁለት ግማሾች አሉ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ጨለማ ዘፈን ሸክሙን ሳያፍር ያሳያል፤ ተሸካሚ ግን የለውም። የኛ ሥርዓት ተሸካሚ ሞልቶታል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሸክም ግን ዘፈን የለውም። በእኛ አገር አዘፋፈን ቋንቋ ብንገልጸው፣ አንዱ ተቀባይ የሌለው አውራጅ ነው፣ ሌላው አውራጅ የጠፋበት ተቀባይ ነው።

ሁለቱን ለማገናኘት የተደረገ ሙከራ አለ፤ ያደረገችውም ያችው ፓቲ ስሚዝ ናት። «ሳውንድዎክ ኮሌክቲቭ» የተባለው የድምፅ ጥበብ ቡድን ሐረር መጥቶ የከተማዋን ድምፆችና የሼኽ ኢብራሂምን የሱፊ ቡድን ዚክሪ ቀረጸ። ፓቲ ስሚዝ ኒውዮርክ ሆና በዚያ ላይ የራሷንና የራምቦን ቃላት በእንግሊዝኛ አነበበች። የኛው ሙላቱ አስታጥቄና አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስ ተሳተፉበት። «መመር ላቭ» ተብሎ በ2019 ወጣ፤ «መመር» ጭምብል አጥልቆ የሚጫወት ተዋናይ ማለት ነው። ከ«ሬዲዮ ኢትዮጵያ» 43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወጣቷ ጮኻ ነበር፤ ባልቴቷ በዝግታ ትናገራለች።

ይህን ሥራ ዚክሪ ጠንቅቀው ለሚያውቁ አንድ የጀጎል አዛውንት ከስልኬ ላይ አሰማኋቸው። «አባባ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አልኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከበሮው ሲመጣ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታ ጀመር፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ነበር። የሴትዮዋ ድምፅ ሲገባ ግን ጣታቸው ቆመ።

«የእኛዎቹ ደህና ይላሉ» አሉኝ ሲያበቃ። «ሴትዮዋ ግን ምን ሆና ነው?»

«የሞተ ሰው ትናፍቃለች፣ አባባ።»

«ታዲያ እኮ እነሱ እያወረዱላት ነው። ምነው አትቀበላቸውም፣ ልጄ? እዚያው ተቀምጣ ሳለ ብቻዋን ታወራለች።»

እዚያው አለመቀመጧን፣ ኒውዮርክ ሆና መናገሯን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጆሮዬ አልተሳሳተማ» ብለው ሳቁ።

እኔም በፍርዳቸው አብዛኛውን እስማማለሁ። «መመር ላቭ» ከቀድሞው ሥራ በአንድ ነገር እጅግ ይበልጣል፤ በመጨረሻ ሐረር ትሰማበታለች። የተሸካሚዎቹ ትንፋሽ የመጣ ያህል ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ የዚክሪው ምት የዘፋኟን ንግግር ከሥሩ ሲያነሣው፣ ያ የብቻ ሐዘን ለአፍታ ከፍ ይላል። ግን የዚክሪው ቃል ለባዕድ አድማጭ ቃል አይደለም፤ ስሜት የሚያሞቅ ጭስ ነው። ራምቦ ቃል ተሰጥቶታል፣ ፓቲ ስሚዝ ቃል አላት፣ ሐረሮቹ ግን ድምፅ ብቻ ሆነዋል። አውሊያውን በስሙ ጠርተው የሚለምኑት ልመና ለሌላ ሰው ትዝታ ምንጣፍ ሆኖ ተነጠፈ። ይህም ሆኖ ሙከራው የሚናቅ አይደለም። ሁለቱን ግማሾች አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ችሏል፤ ማነጋገር ነው የቀረው።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ የኛው ደም ያለበት ሰው መጥቷል። «ዘ ዊክንድ» በሚል ስም የሚታወቀው አቤል ተስፋዬ በ1990 ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በእናቱና በአያቱ እጅ አደገ፤ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ከ2011 ጀምሮ ያወጣቸው ዘፈኖች ከእንግሊዝኛው የጨለማ ዘፈን መሐል የሚሰለፉ ናቸው። ሱስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ፍቅርን ማርከስ፣ በሰው መሐል ብቻ መሆን፣ ዝናን ተመኝቶ ዝናን መጥላት። በ2015 የወጣውና በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ የያዘው «ዘ ሂልስ» የተሰኘው ዘፈኑ በመጨረሻው ላይ በአማርኛ የፍቅር ቃላት ይዘጋል።

ያንን መዝጊያ ስንሰማ ብዙዎቻችን በኩራት ጮኸናል። እኔ ግን ከኩራቱ አልፈን ብናዳምጠው ደስ ይለኛል። ዘፈኑ በሙሉ ዕፅና ሐሰተኛ ፍቅር የተሞላ ነው። ገበናው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተነገረ፤ ለስላሳው ቃል ብቻ በአማርኛ መጣ። የውጭው አድማጭ ለስላሳውን አይሰማም፤ የቤቱ ሰው፣ እንግሊዝኛ የማያውቁት አያት፣ ገበናውን አይሰሙም። ልጁ ሁለት ቋንቋ ያለው ለዚህ ይመስላል፤ በአንዱ ይናዘዛል፣ በሌላው ይመረቃል። ይህ የስደተኛ ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው። ብልሃቱም፣ ሕመሙም እዚያ ላይ ነው። ከፓቲ ስሚዝ ዚክሪ በምን ይለያል ቢሉኝ፣ አማርኛው ከውጭ የተነጠፈ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ መሆኑ ነው እላለሁ። ሆኖም በእርሱም ዘፈን ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል እንጂ አይነጋገሩም።

ታዲያ ምን ይሁን? እነዚህን ዘፈኖች መከልከልም መኮነንም መፍትሔ አይደለም። ልጁ ማዳመጫውን ቢያወልቅ ሸክሙ አብሮ አይወልቅም። ወላጅ «ይህ የፈረንጅ ለቅሶ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ከሚቆጣ፣ «ምን ይላል? እስቲ አስረዳኝ» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ጥያቄው በራሱ የተቀባይነት መጀመሪያ ነው።

ከኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ግን ከዚህ የበለጠ እንጠብቃለን። ሐረር የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። ድሬዳዋ ተወልዶ በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራ በኦሮምኛም በሐረሪም በአማርኛም ሲዘፍን አድማጩ ቋንቋውን ሳይቆጥር ተቀብሎታል። ለፍቅርና ለናፍቆት የተከፈተው ያ ጆሮ ለፍርሃትና ለራስ ጥላቻ የማይከፈትበት ምክንያት የለም። የምመኘው አንድ ወጣት ከጀጎል ውስጥ ተነሥቶ፣ ሌሊት የሚያስጨንቀውን ነገር በገዛ ቋንቋው፣ እንደ እንግሊዝኛዎቹ ሳያፍር እንዲያወርደው ነው። ሲያወርድ ግን ከኋላው ተቀባዮች ይኑሩ፤ ከረቡውም ከበሉም ይኑር፤ ቃላቸውም ይሰማ።

ያን ዕለት ሐረር የሌላ ሰው ዝምታ ስም መሆኗ ይቀራል። እስከዚያው ድረስ «ሬዲዮ ኢትዮጵያ»ን የምታዳምጡ ሁሉ፣ ጩኸቱ ጋብ ሲልባችሁ ጆሮ ስጡና በምናባችሁ 16 ጥንድ እግር ጨምሩበት። ዘፈኑ የዚያን ጊዜ ይሞላል።